ኮምፒውተር ዓይን የለውም

ሞኒተር አልበራ ሲል ሰዎች የሚያደርጉትን ሳይ ዓመታት አልፈዋል። ገመዱን ነቅለው መልሰው ይሰካሉ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያበራሉ፤ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ዕቃውን የሚያዝበትን ሶፍትዌር) ያድሳሉ፤ ከጎን ካለው ጠረጴዛ ሌላ ገመድ ይለምናሉ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። አንዳንድ ጊዜ ስክሪኑ ይበራል። ሲበራም ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ካደረጉት ውስጥ የትኛው እንዳዳናቸው ግን የሚናገር የለም፤ የሚያውቅ የለማ። ያው ሞኒተር ሌላ ቀን ያንኑ ጥቁር ፊቱን ሲያሳይ ትርምሱ ከሀ ይጀምራል።

እኔን የሚያናድደኝ ብልሽቱ አይደለም፤ ዕቃ ይበላሻል። የሚያናድደኝ ምክሩ ነው። "አጥፍተህ አብራው"፣ "ገመድ ቀይር"፣ "ድራይቨር አድስ" የሚሉት ምክሮች እያንዳንዳቸው ጤነኛ ናቸው። ሆኖም የትኛውን ክፍል እንደሚፈትኑ፣ ባይሳካም ምን እንደተረዳን አይነግሩንም። አባቶች "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይላሉ፤ የዚህ ነገር ሥሩ አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፦ ለመሆኑ ኮምፒውተር ሞኒተር መኖሩን በምን ያውቃል?

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልለይ። ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች አሉ፤ ብዙ ሰው ግን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። በሞኒተሩ ጥቁር ገጽ ላይ "ሲግናል የለም" የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ተናጋሪው ሞኒተሩ ራሱ ነው። ኃይል ደርሶታል፣ ነቅቷል፣ የተመረጠለትን መግቢያ አዳምጧል፤ ምንም አልመጣለትም። ኮምፒውተሩ በማሳያ ማስተካከያው ገጽ ላይ "ሌላ ማሳያ አልተገኘም" ሲል ደግሞ ተናጋሪው ኮምፒውተሩ ነው። ሁለቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፤ ለየብቻም ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን በስሙ ጠርቶ፣ ልኩን ዘርዝሮ፣ ምስል እየላክሁ ነው ሲል ሞኒተሩ ግን ምንም አልደረሰኝም የሚልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ድራይቨር መጫንም ሆነ "ፈልግ" የሚለውን አዝራር መደብደብ ጊዜ ማባከን ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን አግኝቷልና።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከቤቷ ደውላ ሞኒተሯ እንደማይታወቅ ነገረችኝ።

"አይታወቅም ያለሽ ማን ነው?" አልኳት።

"እንዴት ማን ነው? ጥቁር ነው እኮ!"

"ጥቁሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም?"

"ሲግናል የለም ይልና ይጠፋል።"

"ኮምፒውተሩስ ስንት ማሳያ ይቆጥራል?"

ከፍታ አየች። ሁለት ሆነው ተደርድረዋል። ሞኒተሯ ኤችዲኤምአይ ለሚባለው የምስል ገመድ ሁለት መግቢያዎች አሉት፤ ገመዱ የተሰካው በሁለተኛው፣ ሞኒተሩ የሚጠብቀው በአንደኛው ነበር። በሞኒተሩ ጀርባ ያለውን ትንሽ አዝራር ተጭና መግቢያውን ቀየረችና ተገላገለች። ነገሩ ተራ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ኮምፒውተሩ ያንን ሞኒተር ሞኒተሩ እንኳ ወደ እርሱ ሳይዞር ማወቁ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ወደ ገመዱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር ዓይን የለውም። ከፊቱ የተደቀነውን ባለ 27 ኢንች ስክሪን አያየውም። የሚያውቀው በገመዱ በኩል የተነገረውን ብቻ ነው። የኤችዲኤምአይ ማገናኛ 19 ፒኖች፣ ማለትም ትናንሽ የብረት መገናኛዎች፣ አሉት። ከ1 እስከ 12 ያሉት ምስሉን የሚያመላልሱ ናቸው፤ ስለ መታወቅ የምናወራ ከሆነ ግን ለጊዜው እንርሳቸው። ጉዳያችን ከታችኛው ጫፍ ካሉት ከጥቂቶቹ ጋር ነው። ኮምፒውተሩ በ18ኛው ፒን 5 ቮልት ይልካል። አነስተኛ ኃይል ነው፤ ደረጃው የሚያስገድደው ቢያንስ 55 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ሞኒተሩ ይህን ቮልት ተቀብሎ ብዙውን ጊዜ በአንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል በ19ኛው ፒን ይመልሰዋል። በር አንኳኩቶ ከውስጥ "አቤት" የሚል ድምፅ እንደ መጠበቅ ነው። 19ኛው ፒን ላይ ቮልት ካልተመለሰ ለኮምፒውተሩ ሞኒተር የለም፤ ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

መልስ ከመጣ ሁለተኛው ንግግር ይቀጥላል። በ15ኛውና በ16ኛው ፒን በኩል ኮምፒውተሩ "ማን ነህ?" ይላል፤ ሞኒተሩም ኢዲአይዲ የሚባለውን ፋይል ያስነብበዋል። ይህ ፋይል በመሠረቱ 128 ባይት ብቻ ነው። በዚህች ቦታ የአምራቹ ሦስት ፊደላት፣ የሞዴሉ ቁጥር፣ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት፣ የስክሪኑ ቁመትና ስፋት በሴንቲሜትር፣ የቀለም ጠባዩ፣ የሚችላቸው የምስል መጠኖችና የድግግሞሽ ፍጥነቶች (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) ሰፍረዋል። ዓመቱ የሚጻፈው ከ1990 ጀምሮ በተቆጠሩት ዓመታት ነው፤ 30 ከተጻፈ ሞኒተሩ የ2020 ነው ማለት ነው። ፋይሉ የሚጀምረው በዜሮ፣ ቀጥሎ ስድስት ጊዜ በ255፣ ከዚያ እንደገና በዜሮ ነው። በመጨረሻው ባይት ላይ ደግሞ ማመሳከሪያ አለ፦ 128ቱ ባይቶች ተደምረው ለ256 ያለ ቀሪ መካፈል አለባቸው። አንዲት ቢት በመንገድ ላይ ከተዛባች ድምሩ ይከሽፋል፤ ኮምፒውተሩም የሰማውን አያምንም።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ "አልተገኘም" የሚለው ቃል ለእኔ አንድ ዓይነት ብልሽት መሆኑ ቀርቷል። ወይ 5 ቮልቱ አልሄደም፣ ወይ መልሱ አልተመለሰም፣ ወይ መልሱ ተመልሶ ፋይሉ አልተነበበም፣ ወይ ተነብቦ ተዛብቷል፣ ወይ ሁሉም ደህና ሆኖ ከዚህ በላይ ያለው ሶፍትዌር ችላ ብሎታል። የእያንዳንዱ ምልክት ይለያያል። ለምሳሌ ሞኒተሩ ይበራና ምስሉ ግን ተለጥጦ፣ ፊደሉ ደብዝዞ፣ ከፍተኛው ምርጫ 1024 በ768 ብቻ ከሆነ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነገር ተከስቷል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር እንዳለ ሰምቷል፣ ምን እንደሆነ ግን አልተነገረውም። ስለዚህ ማንም የማይከለክለውን ትንሹን መጠን ይልካል። ይህን ምስሉን የሚያዘጋጀው የግራፊክስ ካርድ ድክመት አድርገው ካርዱን የሚቀይሩ ሰዎች አሉ። ጥፋተኛዋ በገመዱ ጫፍ የጎበጠች አንዲት ፒን ልትሆን ትችላለች።

ኮምፒውተሩ የሚያምነው ፋይሉን እንጂ ስክሪኑን እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ አስቂኝ ዕቃ አለ። በአውራ ጣት ልክ የምትሆን የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ናት፤ ውስጧ ኢዲአይዲ ከያዘች አነስተኛ ቺፕና ከሬዚስተር በቀር ብዙ ነገር የለም። ስትሰካ ኮምፒውተሩ "ሞኒተር ተገኘ" ብሎ ዴስክቶፑን ያሰፋል፤ በቦታው ግን ምንም ስክሪን የለም። ያለ ሞኒተር ከርቀት የሚሠራባቸው ማሽኖች ግራፊክስ ካርዳቸው ሥራ እንዳይፈታ የምትሰካ ሐሰተኛ ምስክር ናት። እኔ እንኳን ለዚህ ዓላማ ሳይሆን ለምርመራ እወዳታለሁ፦ ይህችን ሰክቼ ኮምፒውተሩ ሞኒተር አገኘሁ ካለ ፖርቱ (የኮምፒውተሩ መሰኪያ ቀዳዳ) እና ድራይቨሩ ጤነኞች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የምጠይቀው ገመዱንና ሞኒተሩን ብቻ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቪጂኤ የተባለው የቀድሞው የሞኒተር ማገናኛ እ.ኤ.አ. በ1987 ከአይቢኤም ፒኤስ/2 ኮምፒውተሮች ጋር ሲመጣ ኮምፒውተሩ ስለ ሞኒተሩ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነበር። ካርዱ በቀለም መስመሮቹ ላይ 75 ኦም የሚሆን ጭነት መኖሩን ለክቶ "በዚያ ጫፍ አንድ ነገር ተሰክቷል" ማለት ይችል ነበር፤ ምን እንደተሰካ ግን አያውቅም። ልኩን የሚያስገባው ሰው ነበር። ሞኒተሩ የማይችለውን የድግግሞሽ ፍጥነት ማስገባት አንዳንድ አሮጌ ሞኒተሮችን እስከ መጉዳት ይደርስ ነበር። ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ሞኒተሩ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ያው ንግግር፣ ያው 128 ባይት ዛሬም ድረስ ከኤችዲኤምአይ ሥር ይገኛል። በነገራችን ላይ የቪጂኤ ሁለት ብሎኖች ይናፍቁኛል። አስቀያሚ ነበሩ፤ ነገር ግን ያሰሩትን አይለቁም። የዛሬው ማገናኛ በራሱ ክብደት ሚሊሜትር ሲንሸራተት ሙሉው ንግግር ይቋረጣል፤ ብዙ "ያልታወቁ" ሞኒተሮች በመግፋት ብቻ የሚታወቁትም ለዚህ ነው።

ወደ ምርመራው እንግባ። እኔ የምጀምረው ከሞኒተሩ የኃይል ገመድ ነው፤ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይስቃሉ። የሞኒተሩ አዝራር ሞኒተሩን አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ውስጡ የራሱ ትንሽ ፕሮሰሰርና የራሱ ሶፍትዌር አለ፤ መግቢያዎቹን የሚያዳምጠው፣ ጽሑፎቹን የሚያወጣው እርሱ ነው። እርሱ ከደነዘዘ ኮምፒውተሩን የፈለጉትን ያህል ጊዜ ቢያስነሱት ምንም አይለወጥም፤ የደነዘዘው በወዲያኛው ጫፍ ነውና። የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሰካት ያንን ትንሽ ፕሮሰሰር ከምንም ያስነሳዋል። የቪዲዮ ገመዱም በዚያች ደቂቃ ቢነቀል ይመረጣል፤ በእርሱ በኩል ከኮምፒውተሩ የሚመጣው 5 ቮልት የተወሰነውን ክፍል ነቅቶ እንዲቆይ ሊያደርገው ይችላልና። ይህ ዘዴ የሚሠራበት ምክንያት ስላለው እወደዋለሁ። ያለ ምክንያት የሚሠራ ዘዴ በሚቀጥለው ጊዜ አይታመንም።

ቀጥሎ ተጠርጣሪዎቹን ለሁለት እከፍላለሁ። ያለኝን ገመድና ሞኒተር ሳልነካ ሌላ ላፕቶፕ እሰካበታለሁ። ከሠራ ገመዱም ሞኒተሩም በአንድ ጊዜ ነፃ ወጡ፤ የቀረው የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነው። ካልሠራ ኮምፒውተሩን እተወውና በገመዱና በሞኒተሩ መካከል እፈርዳለሁ። ገመዱን፣ ፖርቱንና ላፕቶፑን አንድ ላይ የሚቀይር ሰው ግን ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አንድም ነገር አልተማረም። ሞኒተሩ ቢበራ እንኳ የተበላሸው ገመድ ወደ መሳቢያው ተመልሶ ሌላ ሰው ይጠብቃል። የተበላሸ ገመድ እጄ ሲገባ ጫፉን በመቀስ እቆርጠዋለሁ፤ ጭካኔ ይመስላል፣ ግን መሳቢያ ውስጥ ያለ ገመድ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ገና ሲበራ የአምራቹ ምልክት ሞኒተሩ ላይ ይታያል? ምልክቱ ታይቶ ስርዓተ ክወናው ሲነሳ ስክሪኑ ከጠፋ ገመዱን፣ ፖርቱንና ሞኒተሩን መጠርጠር ትቼ ወደ ድራይቨርና ወደ ማስተካከያ እሄዳለሁ። ከመጀመሪያውም ካልታየ ድራይቨሩ ገና አልነቃምና እርሱን መክሰስ አይቻልም። በላፕቶፕ ይህ ፈተና ብዙ አይረዳም፤ ብዙዎቹ በመነሻቸው ሰዓት የሚያሳዩት በራሳቸው ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርድ ከተጨመረ ደግሞ ገመዱ በካርዱ ፖርት እንጂ በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) ፖርት እንዳልተሰካ ማየት ነው፤ ካርድ ሲገባ ብዙ ማዘርቦርዶች የራሳቸውን ፖርት ይዘጋሉ። ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከነጭራሹ ውስጣዊ ግራፊክስ የላቸውም፤ የማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ በእነርሱ ላይ ጌጥ ነው።

አሁን ወደሚያበግነኝ ነገር ደርሻለሁ፤ ዩኤስቢ-ሲ። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ሁሉን በአንድ ገመድ የሚል ተስፋ ይዞ ነበር። የተረፈን ግን ቅርጻቸው አንድ፣ ሆዳቸው የተለያየ ቀዳዳዎችና ገመዶች ናቸው። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የዩኤስቢ-ሲ ፖርቶች አንደኛው ቪዲዮ ሲያወጣ ሌላው ኃይልና ዳታ ብቻ የሚያስተናግድ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ አምራች ከጎኑ የዲስፕሌይፖርትን (ሌላው የምስል ማገናኛ ነው) ምልክት ወይም የተንደርቦልትን (ዳታና ምስል አብሮ የሚያሳልፍ ፈጣን ማገናኛ) የመብረቅ ምልክት ያትማል፤ አንዳንዱ ምንም አያትምም። ምንም ያላተመውን አምራች ይቅር ማለት ይከብደኛል፤ አንዲት ነጠብጣብ ቀለም የምታድነውን ሰዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ ንፉግነት ነው።

ገመዱም እንዲሁ ነው። የዩኤስቢ-ሲ ማገናኛ 24 ፒኖች አሉት፤ ነገር ግን ከስልክ ጋር የሚመጣው የመሙያ ገመድ ብዙውን ጊዜ በውስጡ የዩኤስቢ 2.0 መስመሮችንና የኃይል መስመሮችን ብቻ ይዟል። ቪዲዮ የሚሄድባቸው ፈጣን ጥንድ ሽቦዎች የሉበትም። ላፕቶፑ በዚያ ገመድ ይሞላል፣ ሞኒተሩ ላይ ያለው የዩኤስቢ ሶኬት ማውሱን ያሠራል፣ ምስል ግን የለም። ሰውም "ገመዱ ደህና ነው፣ ኃይል እያሳለፈ ነው" ይላል። ደህና ነው፤ ለኃይል። እዚህ ላይ "ሞኒተር አለ" የሚለው መልእክት እንደ ኤችዲኤምአይ በራሱ ሽቦ የሚመጣ ቮልት አይደለም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ስለ ኃይል በሚደራደሩበት መስመር ላይ የሚላላኩት ቃል ነው። ስለዚህ የኃይል ድርድሩ ሲደናቀፍ ቪዲዮውም አብሮ ይቀራል። በዶክ (ብዙ ዕቃዎችን ከላፕቶፕ ጋር በአንድ ገመድ በሚያገናኝ ሣጥን) የሚገናኝ ሞኒተር ሲጠፋ የዶኩን የኃይል ገመድ ነቅዬ የምሰካው ለዚህ ነው። ዶኩ በመካከል ተቀምጦ ከሁለቱም ወገን ጋር ይደራደራል፤ እርሱ ግራ ከተጋባ ሁለቱም ወገኖች ጤነኛ ሆነው ሳለ አይተዋወቁም።

ከዩኤስቢ-ሲ ቀጥሎ ሰው የሚያደናግረው አዳፕተር ነው። አንድ ጫፉ ዲስፕሌይፖርት ሌላው ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነ ገመድ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ይመስላል። በተለምዶ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ የዲስፕሌይፖርቱ ጫፍ ከኮምፒውተሩ፣ የኤችዲኤምአይው ጫፍ ከሞኒተሩ። ርካሹ ዓይነት ምንም አይተረጉምም፤ የሚተማመነው ኮምፒውተሩ በዲስፕሌይፖርት ቀዳዳው የኤችዲኤምአይ ሲግናል መላክ በመቻሉ ላይ ነው። ኤችዲኤምአይ ያለውን ኮምፒውተር ዲስፕሌይፖርት ብቻ ካለው ሞኒተር ጋር ለማገናኘት የሚተረጉም ቺፕ ያለውና ብዙ ጊዜም የራሱን ኃይል የሚፈልግ አዳፕተር ያስፈልጋል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይሩትም ውስጣቸው ቺፕ አለ፤ የሚመገቡት ያቺኑ 55 ሚሊአምፔር ነው፤ አንዳንዶቹ ከጎናቸው የኃይል ቀዳዳ የተሠራላቸው ያቺ ስለማትበቃቸው ነው። የኃይሉ ቀዳዳ ባዶ ሆኖ ሞኒተር አልተገኘም ሲባል ብዙም አልደነቅም።

የዲስፕሌይፖርት ገመድ ላይ ደግሞ አንድ ስውር ችግር አለ፤ ብዙ ሰው ስለማይጠረጥረው ላንሳው። 20ኛው ፒን 3.3 ቮልት የሚሰጥ ነው፤ ለአዳፕተሮች ታስቦ የተሠራ እንጂ ከሞኒተር ወደ ኮምፒውተር እንዲፈስ አይደለም። ስለዚህ ደረጃውን የጠበቀ ገመድ ይህን ፒን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያገናኝም። ደረጃውን ያልጠበቀ ገመድ ግን ያገናኘዋል፤ ያን ጊዜ ሞኒተሩ ለጠፋ ኮምፒውተር ኃይል መላክ ይጀምራል። ውጤቱ የተለያየ ነው፦ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል፣ ወይም ጠፍቶ ሳለ መብራቶቹ ደብዝዘው ይቀራሉ፣ ወይም ሞኒተሩ አንድ ቀን ታውቆ አንድ ቀን ይሰወራል። ሞኒተሩ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ጤናው ከተመለሰ ገመዱን ይመርምሩ።

ሶፍትዌሩን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው፤ ሰው ሁሉ ከእርሱ ይጀምራልና። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የ"P" ፊደልን አብሮ መጫን አራት ምርጫዎች ያወጣል፤ "የኮምፒውተሩ ስክሪን ብቻ" ተመርጦ ከነበረ ሞኒተሩ ታውቆም ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል፤ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ የተከፈተ ሥራ አይጠፋም። ሙሉውን ኮምፒውተር ከማስነሳት በፊት ይህን እመርጣለሁ፤ ከሠራ ጥፋቱ የድራይቨሩ እንደነበር እማራለሁ፤ ሙሉ ማስነሳት ግን ምንም አያስተምርም። በመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የግራፊክስ ካርዱ በስሙ ፋንታ "የማይክሮሶፍት መሠረታዊ ማሳያ" ተብሎ ከተቀመጠ ትክክለኛው ድራይቨር የለም ማለት ነው፤ ያ መሠረታዊ ድራይቨር አንድን ስክሪን ከማብራት ያለፈ ብዙ አይጠበቅበትም። ማክ ላይ በማሳያዎች ገጽ ኦፕሽን የሚለው ቁልፍ ሲያዝ ተሰውሮ የነበረ "ማሳያዎችን ፈልግ" የሚል አዝራር ብቅ ይላል። አዝራርን መሰወር ምን እንደሚጠቅም አሁንም አልገባኝም።

ለዚህ ሥራ የምወደው ሊኑክስን ነው። ለእያንዳንዱ ፖርት አንድ አቃፊ አለው፤ በውስጡ ያለችው የሁኔታ ፋይል "ተገናኝቷል" ወይም "አልተገናኘም" የሚል አንድ ቃል ትይዛለች፤ ከጎኗ ደግሞ ከሞኒተሩ የተነበበው ኢዲአይዲ እንዳለ ተቀምጧል። ፖርቱ ተገናኝቷል እያለ የኢዲአይዲው ፋይል ባዶ ከሆነ ቮልቱ ደርሶ ተመልሷል፣ የተሰበረው ሁለተኛው ንግግር ነው ብዬ እነሳለሁ። እንደ ድራይቨሩ ዓይነት ፋይሉ ሳይነበብ "ተገናኝቷል" የማይሉም አሉ፤ ቢሆንም ነገሩን ከሌሎቹ በተሻለ ይገልጠዋል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ብልሽት ሳይሆኑ እንደ ብልሽት ይታያሉ። አንደኛው ዲስፕሌይሊንክ የተባለውን ቺፕ የያዙ ዶኮችና ከተራው ዩኤስቢ ኤችዲኤምአይ የሚያወጡ አዳፕተሮች ናቸው፤ ምስሉን በሶፍትዌር ጨምቀው በዳታ መስመር ስለሚልኩ የራሳቸው ድራይቨር ካልተጫነ ገመድ ቢቀያየር ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የማሽኑ ገደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤም1 ቺፕ ያለው ማክቡክ ኤር የሚደግፈው አንድ የውጭ ሞኒተር ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን በቀጥታ ቢሰኩበት አያየውም፤ ምንም አልተበላሸም።

ከሁሉ የሚከብደው የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ነው። ከኤችዲኤምአይ ጋር ያለኝ ልምድ ሞኒተሩ በአዝራሩ ጠፍቶም ቢሆን ብዙ ጊዜ እንደሚታወቅ ነው፤ የኢዲአይዲው ቺፕ የሚመገበው ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ስለሆነ። ችግሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል፦ መስኮቶች በጠፋ ስክሪን ላይ ተከፍተው ሰው ይፈልጋቸዋል። በዲስፕሌይፖርት ግን ብዙ ሞኒተሮች ጠልቀው ሲተኙ መልስ መስጠታቸውን ያቆማሉ፤ ኮምፒውተሩም ተነቀለ ብሎ መስኮቶቹን ሁሉ በቀረው ስክሪን ላይ ይቆልላቸዋል። ሻይ ጠጥቶ የተመለሰ ሰው ኮምፒውተሩ ያበደ ይመስለዋል። በሞኒተሩ ማውጫ ውስጥ "ጥልቅ እንቅልፍ" ወይም የዚህ ዓይነት ስም ያለው ኃይል ቆጣቢ ምርጫ ካለ ማጥፋት ብዙውን ጊዜ ይፈውሰዋል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ መስኮቶች በየትኛው ሞኒተር ላይ እንደነበሩ የሚያስታውስ ምርጫ አለው።

እንቅልፍ ካልሆነና ሞኒተሩ በሥራ መካከል ለሰከንድ ጠፍቶ ከተመለሰ የማየው የመረጃውን ብዛት ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 የ4ኬን ምስል የሚያስኬደው በ30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ጊዜ) ነው፤ ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ስለሚያሳልፍ 60 ኸርዝ ይደርሳል፤ 2.1 ደግሞ እስከ 48 ጊጋቢት። ረጅም ወይም የደከመ ገመድ መተዋወቂያውን በቀላሉ ያሳልፋል፤ 128 ባይት ምን አላት፣ የሚደክመው ምስሉ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሞኒተሩ ለምሳሌ በ144 ኸርዝ የሚሠራ ከነበረ የድግግሞሹን ፍጥነት ወደ 60 አውርጄ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከጸናና ወደ 144 ስመልሰው እንደገና መጥፋት ከጀመረ፣ ድራይቨሩንም ሞኒተሩንም ትቼ አጭርና የተሻለ ገመድ እገዛለሁ።